የሚፎከርለት ለማን ነው?

በቋንቋችን ለሚተኩስ ሰው የክብር ስም አለው፤ «ገዳይ» ይባላል። ይፎከርለታል፣ ይሸለልለታል። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አይቶ «በዚህ ያለፈው ወንድ ነው፤ ያለፈውም ዛሬ ጠዋት ነው» ለሚለው ሰውዬ ግን ፉከራ የለንም። እኛ ይሄ ነገር ተገልብጧል ባዮች ነን። የአደን ትልቁ ሥራ የሚያልቀው ጥይቱ ሳይተኮስ ነውና።

ቆቃን አብዛኞቻችን የምናውቃት በዓሳዋ፣ በ1952 ዓ.ም. በተጠናቀቀው ግድቧና በጉማሬዎቿ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ገደምሳ የሚባል ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? ገደምሳ በኦሮምኛ አጋዘን ነው። ዛሬ እዚያ ዱካ ፍለጋ የሚሄድ ሰው በብዛት የሚያገኘው ግን የከብት ኮቴ ነው። የአጋዘን ዘመድ የሆነውን ደጋ አጋዘንን ለማየት የዝዋይን መንገድ ይዞ ወደ አርሲ ተራሮች፣ ወደ ሙኔሳ ደን መውጣት ያስፈልጋል። ደጋ አጋዘን ማለት ያ በ10 ሳንቲም ላይ የተቀረጸው ባለ ቀንዱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ በየትኛውም አገር ዱር የለም፤ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥም ገብቷል።

እስቲ አንድ ወንድ ደጋ አጋዘን ለማደን እንዴት እንደሚታቀድ እንይ። (ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል መሆኑን ከወዲሁ ያዙልን።) መጀመሪያ ጠመንጃ አያስፈልግም። በማለዳና አመሻሽ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ በባይኖኩላር መቃኘት ነው፤ ቀን ቀን እንስሳው አስታና ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸሸጋል። ቀጥሎ መሬቱ ይነበባል። ኮቴው ሰፋና ጠለቅ ያለ ከሆነ ያለፈው ከባድ እንስሳ ነው፤ ወንዱ ደግሞ ከሴቷ ይከብዳል። የኮቴው ጠርዝ ሳይፈርስ ከቆየ ዱካው ትኩስ ነው። በጠጡ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ከሆነ እንስሳው ሩቅ አልሄደም፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ከሄደ ቆይቷል። ቁጥቋጦው ተሰባብሮ፣ ቅርፊቱ ተልጦ ከተገኘና በአካባቢው የከብት ኮቴ ከሌለ፣ ወንዱ ቀንዱን አሽቶበታል ማለት ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም። ይሄ ሁሉ ከተነበበ በኋላ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታይቶ፣ ሽታ በማይደርስበት በኩል ይጠጋል።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ወንዱ ስንት ዓመቱ ነው? ዱካ ክብደትን ይናገራል እንጂ ዕድሜን አጣርቶ አይናገርም። በፈቃድ የሚካሄድ አደን ትክክል ነው ሊባል የሚችለው የሚገደለው ዘሩን ተክቶ ያረጀ ወንድ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀንዱ ምን ያህል እንደረዘመና እንደተጠማዘዘ፣ ጠጉሩ ምን ያህል እንደጠቆረ አይቶ «ይሄ ገና ነው፤ ይለፍ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከውጭ አገር መጥቶ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለ አዳኝ ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ ሳለ «ይለፍ» ማለት ቀላል አይደለም። እንስሳው የሚተርፈው ግን በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ታሪኩም ቢሆን ያው ነው። ደጋ አጋዘን ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች በተገደለ እንስሳ። የሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ «ትራጌላፈስ በክስተኒ» ነው፤ በክስተን ደግሞ የገደለው እንግሊዛዊ ነው። መንገድ የመራና ዱካ ያሳየ ያገሬ ሰው ስም የለበትም። በእኛ ፉከራም ሆነ በፈረንጅ ሳይንስ ስሙን የሚያስጠራው ተኳሹ ነው።

«አደኑ ጭራሹን ይከልከልና ነገሩ ይለቅ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስሜቱ ይገባናል። ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በባሌ ያ ሁሉ ደጋ አጋዘን የረገፈው በፈቃድ አደን አልነበረም፤ ጠባቂ በጠፋበት ሰዓት ነው። ዛሬም የሚያጠፋው የደን ምንጣሮው፣ እርሻውና ከልክ ያለፈው ከብት ነው። ዱካ የሚያነቡት የአካባቢው ሰዎች ከእንስሳው ጋር የሚያስተሳስራቸው እንጀራና ክብር ከሌላቸው፣ ደኑን በክልከላ ብቻ ማቆየት አይቻልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው። አንደኛ፣ በፈቃድ አደን ላይ የዱካ አንባቢው «ይለፍ» የማይሻር ይሁን፤ ስሙም በአደኑ መዝገብ ላይ ከተኳሹ እኩል ይስፈር። ሁለተኛ፣ ክፍያው የሻንጣ ተሸካሚ ሳይሆን የባለሙያ ይሁን። ሦስተኛ፣ እነዚህ አዛውንቶች ወንዶ ገነትን በመሳሰሉ የዱር እንስሳት ትምህርት በሚሰጥባቸው ተቋማት ገብተው ያስተምሩ። እውቀቱ በቃል ያለ ነው፤ ባለቤቶቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

እናንተስ? በሚቀጥለው እረፍት ቆቃ ዓሳ በልታችሁ ከመመለስ ትንሽ ገፋ በሉ። ባሌ፣ ዲንሾ ድረስ ከዘለቃችሁ ደጋ አጋዘንን ከነቀንዱ ታዩታላችሁ። ጠመንጃ አያስፈልጋችሁም፤ የአካባቢ አስጎብኚ ያዙና ከፎቶው በፊት ዱካውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሒሳቡንም ሳትከራከሩ ክፈሉት።