«ሲስተም የለም» እና ራሱ ሪስታርት የሚያደርገው ኤጀንት

ከጨንቻ ደጋ በማለዳ ተነስቶ አርባ ምንጭ የሚወርድ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚሰማው መልስ ሁለት ቃል ነው፦ «ሲስተም የለም»። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ለምን ጠፋ? የመስኮቷ ሠራተኛም አታውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው። የሰውየው የትራንስፖርት ብርና የባከነ ቀን በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

አሁን ደግሞ አዲስ መድኃኒት ይዘው የመጡ አሉ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ይግባ፣ የወደቀውን ራሱ መርምሮ ራሱ ያንሳው ይላሉ። ምርመራውስ ይሁን። «ራሱ ያንሳው» የሚለው ግን ከወዲሁ መቆም አለበት።

የዛሬ ትልልቅ ሲስተሞች በብዙ ኮንቴይነሮች የተከፋፈሉ ናቸው። ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ የታሸገበት ጥቅል ነው። ጥቅሎቹን በአብዛኛው የሚያስተዳድረው ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት ያደረገው ኩበርኔቲስ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር ራሱ በኩበርኔቲስ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው።

ኩበርኔቲስ ኮንቴይነር ሲወድቅበት ምክንያቱን ሳይጠይቅ መልሶ ያስነሳዋል። ደግሞ ከወደቀ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 40፣ እያለ እስከ 5 ደቂቃ። ሟቹ ግን ምልክት ትቶ ነው የሚሞተው። ሜሞሪ አልቆበት የተገደለው አብዛኛውን ጊዜ 137 የሚል ቁጥር ይተዋል፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ተቀይሮበት በሩ የተዘጋበትም ሎጉ ላይ ይጽፈዋል። ችግሩ ማስረጃው ዕድሜ የለውም። ባለሙያ ካልለወጠው በቀር የክስተቶቹ መዝገብ የሚቆየው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት አርባ ምንጭ ላይ የተቋረጠው አገልግሎት ከምሳ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሲጠየቅ፣ ቤቱ ተጠርጎ አልቋል።

ኤጀንት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኤምሲፒ የተባለው የጋራ ደንብ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ኤጀንትን ከእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጋር ማገናኘት ቀላል ሆኗል። ሎጉን ያነባል፣ ክስተቶቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ትናንት ማታ ምን እንደተቀየረ ያነጻጽራል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ማስረጃው ሳይጠፋ ይደርሳል።

እጅ ሲሰጠው ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሬፕሊት ኩባንያ ኤጀንት ምንም ነገር እንዳይነካ ታዝዞ ሳለ የአንድ ደንበኛን ዳታቤዝ ደመሰሰ፤ ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠየቀ። ሎግ ደግሞ ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ተንኮለኛ በዚያ በኩል የጻፈለትን ትእዛዝ ኤጀንቱ እውነት ብሎ ሊፈጽም ይችላል።

«ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ይነሳል?» የሚል ክርክር አለ። ሪስታርት ለማድረግማ ኤጀንት መቼ አስፈለገ? ኩበርኔቲስ ያለ ምንም አስተውሎት ሲያደርገው ኖሯል። የጎደለው «ለምን?» የሚለው ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ያስታውሷል። የኮንቴይነር ጉዳይ ነበር ያለ የለም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው አለ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፤ ገንዘብ ያልመለሱ ደንበኞች ስምና ፎቶ ይፋ ሆነ። ስለ ስህተቱ ግን ለሕዝብ የተነገረው ከዚያች አጭር ማብራሪያ ብዙም አላለፈም።

ጋሞ በዚህ ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። ሕመም ሲበዛ ወይም ዝናብ ሲጠፋ ሽማግሌዎች «ጎሜ» ይፈልጋሉ፤ ማን ምን ተላለፈ ተብሎ ይጠየቃል፣ ጥፋቱ በዱቡሻ በሰው ፊት ይነገራል፣ ከዚያ በኋላ ነው እርቁ። ሰርቨር በጎሜ አይወድቅም። ቅደም ተከተሉ ግን አዲስ አበባ ካሉት የአይቲ ክፍሎች ይሻላል፦ መጀመሪያ ምክንያቱ፣ እሱም በአደባባይ።

ስለዚህ ኤጀንት የሚገዛ መሥሪያ ቤት ማየት ብቻ የሚፈቅድ ሥልጣን ይስጠው፤ ኩበርኔቲስ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። መዝገቡ ከ1 ሰዓት ወደ ወራት ይርዘም። ማስተካከያውን ስሙ የታወቀ ሰው ፈርሞ ይፈጽመው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች ያስመርቃል፤ 137 ምን ማለት እንደሆነ ለማንበብ አዲስ አበባ መደወል አያስፈልግም። የኤጀንቱ ግኝትም በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፎ፣ «ሲስተም የለም» በሚባልበት በዚያው መስኮት ላይ በዕለቱ ይለጠፍ።