አንድ ብልጭታ ከህዳሴ ግድብ ሲበልጥ

ሲግናል ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ አንድ ሒሳብ ሠራሁ። 1 ሚሊጁል ጉልበት ያላት የሌዘር ብልጭታ በ100 ፌምቶ ሰከንድ ከወጣች፣ ለዚያች ቅጽበት ኃይሏ 10,000 ሜጋዋት ነው። የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! በሰከንድ 1,000 ብልጭታ ቢወጣ ግን አማካይ ኃይሉ 1 ዋት ብቻ ነው። አምፖል እንኳ በቅጡ አያበራም።

ብልጭታን ዘርግቶ፣ አጉልቶ፣ መልሶ መጨመቅን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳዩት ዤራር ሙሩና የያኔዋ ተማሪው ዶና ስትሪክላንድ ናቸው። ኖቤሉ የመጣው በ2018 ነው። ዛሬ ዓይን ይታከምበታል።

ፋብሪካ ደግሞ አማካዩን ይፈልጋል። ብልጭታው ሲበዛ ግን ክሪስታሉ ይግላል፣ ጨረሩም ይበላሻል። ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ እንዲወጣ ክሪስታሉን እንደ ዲስክ አሳሱት፣ ወይም በመስታወት ክር ተኩት። ኪሎዋትን ያለፉት እንዲህ ነው። የስልክ መስታወትም በእንዲህ ዓይነት አጫጭር ብልጭታዎች ይቆረጣል።

ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝም ይኸው ነው፤ ዳቦ የሚሆነው አማካዩ ነው። እኛ ግን ብልጭታ እንወዳለን። ከሲግናል ቀና ስል የማየው እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ደስ ይላል። አብሮኝ የተመረቀው የፊዚክስ ልጅ ግን ዛሬ ሜትር ታክሲ ይነዳል። ሥራው አያሳፍርም፤ የተማረው ግን ባከነ።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሪባን ከመቁረጥ በፊት ለቤተ ሙከራ መለዋወጫና ለወጣት ተመራማሪ ደመወዝ በየዓመቱ የማይቋረጥ በጀት ይመደብ። ትንሽም ቢሆን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?