የሜዳ ዳር ቁጣ

አንባቢ ሆይ፤ በሜዳ ዳር የሚቆጣ አሠልጣኝ ስታይ ምን ትላለህ? ቡድኑ ያሸነፈ እንደ ሆነ «ወኔ ያለው ሰው ነው» ትላለህ። የተሸነፈ እንደ ሆነ ግን «ራሱን መግዛት ያቃተው እንዴት ሌላውን ይመራል?» ትላለህ። ቁጣው ያው ነው፤ ፍርድህን የለወጠው የጨዋታው ውጤት ነው።

ይህን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ አለ። እነርሱ «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በእጅ ይወረወራል፤ ታቅፈውም ይሮጡበታል። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ተመልካቹ ግን በአንዳንዱ ሜዳ ከመቶ ሺህ ይበልጣል።

ዉዲ ሄይስ የተባለው ሰው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 እስከ 1978 ዓ.ም. አሠልጥኖ 205 ጊዜ አሸንፏል። ቁጣውም እንደ ድሉ የታወቀ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ከሚሺጋን ጋር ሲጋጠሙ በዳኞቹ ተናዶ በሜዳው ዳር የነበረውን ምልክት ገነጣጠለ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ሠራተኛ መታ። ይህም ሆኖ በሥራው ላይ ቆየ፤ ብዙው ደጋፊም ወደደው።

በዲሴምበር 29 ቀን 1978 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። ኦሃዮ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ 17 ለ15 እየተመራ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፥ አንድ የክሌምሰን ተጫዋች ለኦሃዮ የተወረወረውን ኳስ ቀለበና እየሮጠ መጥቶ በሄይስ አጠገብ ከሜዳው ወጣ። የ65 ዓመቱ ሰው ወጣቱን በቡጢ መታው። በማግሥቱ ከሥራው ተሰናበተ።

በዚያው ዘመን ቶም ኦዝበርን የሚባል አሠልጣኝ በኔብራስካ ነበር። ረጋ ያለ ሰው ነው። በ25 ዓመት ውስጥ 255 ጊዜ ቢያሸንፍም፥ እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ስላላገኘ «ትልቁን ግጥሚያ አይችለውም» እየተባለ ይታማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ሐሜቱ ጠፋ። እንግዲህ ቁጡውንም ጭምቱንም የሚመዝነው ያው የውጤት ሚዛን ነው ማለት ነው።

ይህ ሚዛን ጐደሎ ነው። አሠልጣኝ ፈጽሞ አይቆጣ አልልም፤ እኔም አስተማሪ ነኝና ክፍል ውስጥ ድምፅ ከፍ የሚልበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ቁጣን በውጤት ሳይሆን በሁለት ጥያቄ እንመዝነው። የወረደው በማን ላይ ነው? መልስ ሊሰጥ በማይችል ወጣት ላይ ከሆነ ጉልበት እንጂ ወኔ አይደለም። ሁለተኛ፥ ሰውየው ከተቆጣ በኋላ የተናገረው ነገር ለተቈጪው ይጠቅመዋልን?

የሄይስንም ሰውነት በአንድ ቡጢ ብቻ አንጨርሰው። ዩኒቨርሲቲው በ1986 ዓ.ም. የክብር ዶክተርነት ሰጥቶታል። የሠራውን መልካም ነገር ማመስገን ይገባል፤ ያን ቡጢ ግን 205ቱ ድል አያጥበውም።

አንተም፥ አንባቢዬ፥ ዛሬ ተማሪ ወይም ታናሽ ጸሐፊ ብትሆን ነገ የክፍል ሹም ትሆናለህ። ከበታችህ ያለው ሰው ስሕተት በሠራ ቀን፥ ሥራው የተሳካልህም ያልተሳካልህም ቢሆን፥ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ።