ቢራውን ከሬዲዮ አወጣን፤ ልጆችንስ ማን ያስገባቸው?

በ2003 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደውን ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 ደረሰ። በዞናችን በሰሜን ጎንደር ለዳባት፣ ለደባርቅ፣ ለጃናሞራና ለበየዳ ልጆች ይህን ያህል የጠቀመ ሕግ ብዙ አላውቅም። የደጋው አፈር በጎርፍ እየታጠበ አዮዲኑ ተሟጧል። በእናቶች አንገት ላይ የሚታየውን እንቅርት ሰዉ ለምዶት ኖሯል፤ ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ግን ዐይን የማያየው ነው። እርጉዟ አዮዲን ሲያንሳት የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል፤ ልጁ ካደገ በኋላ ያንን የሚመልስለት መድኃኒት የለም። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የአሰብ ጨው ሲቀርና ገበያው ወደ አፍዴራ ሲዞር አዮዲኑም አብሮ ቀርቶ ነበር። የመለሰው ደንቡ ነው።

ደንቡ ግን የሚሸኘን እስከ ሱቁ ድረስ ነው። ጨው ሳይከደን፣ ፀሐይ እየመታው ከተቀመጠ፣ ወይም ወጡ ገና እንደተጣደ ከገባ አዮዲኑ ይባክናል። ዕቃው ይከደን፤ ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለበየዳዋ እናት ማን ይንገራት? በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከመቶ ሴቶች 74ቱ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥን አያዩም፣ ጋዜጣ አያነቡም። በክልላችን በአማራ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውም የተመዘገበው በዚሁ ጥናት ነው፤ በ2011 ወደ 41 ቢወርድም ቁጥሩ አሁንም ያስደነግጣል።

ስለዚህ የልጆች ጤናና የመገናኛ ብዙኃን ፖሊሲ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም እላለሁ። በመከልከሉ በኩል ተራምደናል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥንም ከለከለ። ዳሽን ቢራ የሚጠመቅባት ጎንደር ለውጡን በጆሮዋ ሰምታዋለች። ይህን አዋጅ ያለማመንታት እደግፋለሁ። ግን ከቢራ የተለቀቀውን ሰዓት ለልጆች ያዋለው ጣቢያ የትኛው ነው? አገራችን በ1984 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 17 መንግሥታት መገናኛ ብዙኃን ለሕፃናት የሚጠቅም ነገር እንዲያሰራጩ ያበረታቱ ዘንድ ግዴታ ጥሎባቸዋል። እኛ ግን ይህን ግዴታ ለግለሰቦች ፍቅር ትተነዋል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በተረት አሳደጉ። ብሩክታዊት ትጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው ዝግጅት በአሻንጉሊቷ ቀጭኔ ፊደልንም ንጽሕናንም አስተማረች። ሁለቱንም እናመሰግናለን፤ ግን መብራት ወዳልገባበት ቀበሌ ቴሌቪዥን አይደርስም።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በደምቢያ ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰማርቶ ገጠር ያወርድ ነበር። ዛሬ ያ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዳባት ላይም የሕዝቡን ጤና ለረጅም ዓመታት የተከታተለ የጥናት ማዕከል አለው። የጎደለው ያ ዕውቀት በልጅ ጆሮ እንዲገባ ሆኖ የሚነገርበት መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለኤፍ ኤም ጣቢያዎች ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ለልጆች ጤና ዝግጅት እንዲመድቡ ያስገድድ። ዩኒቨርሲቲው ይዘቱን ያዘጋጅ፤ ቋንቋው የደጋው ልጅ የሚናገረው አማርኛ ይሁን። ሬዲዮ የሌለበት ቤትስ? ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለው። የተቀዳው ዝግጅት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ይሰማ፤ ልጆቹ ራሳቸው ድራማ ያድርጉት፤ ማታ ቤት ገብተው ለእናታቸው ይንገሩ። በክልላችን በተነሣው ጦርነት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ደግሞ ዝግጅቱ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልክ ላይ ተጭኖ ይሂድ። ድርቅ ጃናሞራን በመታበት ዓመት ለተራበ ሕፃን ምን ይቅደም የሚለውን ምክር ለቤተሰቡ ማድረስ ከእህሉ እኩል ያስፈልግ ነበር።

ገንዘቡስ? በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከቢራና ከሲጋራ ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበሰባል። ከዚያ ጥቂቱ ለልጆች ዝግጅት ተለይቶ ይያዝ። ይህ እስኪሆን ድረስ የክልሉ ምክር ቤት ሐምሌ በመጣ ቁጥር በሚያጸድቀው በጀት ውስጥ ለዚሁ ሥራ የራሱ ርዕስ ያለው መደብ ያስገባ፤ የዞኑ ተመራጮችም ከወዲሁ ይጠይቁ።