የሱሉልታዋ ቡናማ ወፍ ማን ናት?

ከአዲስ አበባ ወጥቶ የጎጃምን መንገድ የያዘ ሰው ሁሉ የሱሉልታን ሜዳ ያውቀዋል። በክረምት መሬቱ ረግረግ ሲሆንና ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ ከሣሩ ጫፍ ብድግ ብላ ጥቂት በርራ ተመልሳ የምትሰወር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ገጠር ያደግን ሁሉ አይተናታል፤ ስሟን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ሲስቲኮላ ሉጉብሪስ ትባላለች። ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተመራማሪ ከ1831 እስከ 1833 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ተዘዋውሮ ጎንደር ድረስ ደርሶ ነበር፤ ይህን ስም በ1840 ያወጣላት እሱ ነው። ሉጉብሪስ በላቲን «ሐዘንተኛ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአፍሪካ በሰፊው የተሠራጨች የሌላ ወፍ ቅርንጫፍ ተደርጋ ተመዘገበች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የወፍ መዝገቦች ያንን ዘር ለአምስት ከፍለው የእኛይቱን «የኢትዮጵያ ሲስቲኮላ» ብለዋታል። መኖሪያዋ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ትለያለች? በመልክ ብቻ ከሆነ ያስቸግራል። ከምንቃር እስከ ጅራት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት፤ ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ሰረዝ አለበት፤ አናቷና የክንፏ ጠርዝ ወደ ቀይ ያደላል። ችግሩ በዚያው ሜዳ ዘመዶቿም መኖራቸው ነው። አንደኛዋ ከእሷ ታንሳለች፣ ጅራቷም አጭር ነው፤ ወንዱ በእርባታ ወቅት ከደረቱ ጎን ጥቁር ነጥብ ያወጣል፣ ሰማይ ላይ ወጥቶ ከዘፈነ በኋላም ቁልቁል ይወረወራል። ሌላዋ ወፈር ያለች ስትሆን ማጅራቷ ሰረዝ የሌለበት ቀይ ነው። የእኛይቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሣር ወይም ከቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ሆና፣ የድሮ ሰዓት ሲሞላ እንደሚያሰማው ትር‑ር‑ር ትላለች።

ድምፅ ዋናው ምልክት መሆኑን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ሌይንስ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አድሚራል ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መርከቦች ያዘዘ ሰው፣ እነዚህን ስንዝር የማይሞሉ ወፎች አፍሪካን ዞሮ አጥንቶ በ1930 ትልቅ ሥራ አሳተመ። ከጦርነት የተሻለ ሥራ አግኝቶ ነበር ያሰኛል።

ጎጆዋን በሣር ውስጥ ድቡልቡል አድርጋ፣ በሸረሪት ድር አያይዛ፣ በሩን ከጎን ታወጣዋለች። ምግቧ ትልና ትናንሽ ነፍሳት ነው። ስለዚህ ሣሩ ከተነሣ ጎጆውም ምግቡም አብሮ ይነሣል። ሱሉልታ ለወፎች አስፈላጊ ከተባሉ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ በኩል ቤትና ፋብሪካ እየገፋው ነው።

እዚህ ኮሎምበስ ሲስቲኮላ አትፈልጉ፤ አሜሪካ ውስጥ የለችም። በግንቦት የምናያቸው «ዋርብለር» የሚባሉት ባለቀለም ወፎችም ከእሷ ጋር ስም እንጂ ቤተሰብ አይጋሩም። ጆሮ ለማለማመድ ግን ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ባተል ዳርቢ ክሪክ መናፈሻ ይበቃል። እዚያ ታርሶ የነበረ መሬት ወደ ጥንት ሣሩ ተመልሷል፤ በ2011 ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ ሳይቀር ገብቶበታል። እነሱ እርሻውን ወደ ሣር ሲመልሱ እኛ ሣሩን በሲሚንቶ እንሸፍናለን። በሰኔ ማለዳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግራስሆፐር ስፓሮ የምትባለዋ ወፍ ልክ እንደ ፌንጣ ስትዚዝ ትሰማላችሁ።

ሐምሌና ነሐሴ አገር ቤት የምትገቡ ደግሞ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ስትሄዱ በማለዳ ሱሉልታ ላይ መኪናውን አስቁሙ። ሞተሩ ይጥፋ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፁን ቅዱ፤ ወፏ ሰማይ ላይ ወጥታ ዘፍና እንደሆነ ወይም ከሣር ጫፍ እንዳልተነሣች አብራችሁ ጻፉ።