ዶሮ ከመግዛትሽ በፊት ጥርን አስቢ



በ2025 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ ከ6 ዶላር ሲያልፍ፣ የእህቶች ግሩፕ ውስጥ ሁሉ «ለምን ጓሯችን ላይ ዶሮ አናረባም?» የሚል ወሬ ነበር። ዋጋው በኋላ ቢወርድም ጥያቄው አልቀረም። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ጓሯችን ውስጥ አምስት ዶሮዎች አሉን፤ ይህ ሦስተኛ ዊንተራቸው ነው። ስለዚህ ብዙ እህቶች ይጠይቁኛል።

አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር። በብርድ አገር ዶሮ ማርባት ይቻላል፤ ለቤተሰብም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በጥር ወር፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ በጨለማና በበረዶ ወጥቶ ውሃ የሚቀይር ሰው ቤትሽ ውስጥ ከሌለ በሚያዝያ ጫጩት አትግዢ።

መጀመሪያ የርካሽ እንቁላሉን ነገር እንተወው። አንዲት ዶሮ በቀን ወደ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አምስት ዶሮ በወር 18 ኪሎ ገደማ ይጨርሳል፤ ሲበርድ ደግሞ ገላቸውን ለማሞቅ ከዚያም ይጨምራሉ። እንቁላሉ ግን በተቃራኒው ነው። ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። ሚኒያፖሊስ ላይ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን 9 ሰዓት እንኳን አይሞላም። በዚያ ላይ አንድ ዓመት ያለፋት ዶሮ በመከር ላባዋን ትቀይራለች፤ ያን ጊዜ መጣል ታቆማለች። እንግዲህ ብዙ በሚበሉበት ወቅት ጥቂት ይጥላሉ ማለት ነው። የቤቱን፣ የሽቦውንና የውሃ ማሞቂያውን ወጪ ጨምሪበት። ለእንቁላል ዋጋ ብላ የጀመረች እህት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል እፈራለሁ።

ታዲያ ለምን እናረባለን? እኔ ለልጆቼ አማና ምን እንደሆነ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ድመት ዘግታባት፣ ራሷም ሳታበላት፣ ወጥታ እንድትበላም ሳትለቃት ስለቀረችው ሴት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን ሁላችንም እናውቃለን። አገር ቤት ዶሮ ስትለቀቅ ጭራ ትበላለች፤ ውሃም አታጣም። እዚህ ግን መሬቱ በበረዶ ሲሸፈን የምትጭረው የለም። በሩን የዘጋንባት እኛ ነን፤ ስለዚህ የምትበላውና የምትጠጣው በእጃችን ነው። ልጅ ይህን በቃል ሲሰማውና በየጠዋቱ ባልዲ ይዞ ሲወጣ አንድ አይደለም።

ብርዱን በተመለከተ እህቶች የሚፈሩት ነገር ሌላ፣ ዶሮን የሚጎዳት ሌላ ነው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፤ ላባዋም ጥሩ ብርድ ልብስ ነው። ዋናው ጠላቷ እርጥበት ነው። ሌሊቱን ስትተነፍስና ኩስ ስትጥል ቤቱ ውስጥ እንፋሎት ይከማቻል። ብርድ እንዳይገባ ብለን ሁሉንም ቀዳዳ ከደፈንን ያ እርጥበት ራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ላይ ያርፍና ውርጭ ያቆስለዋል፤ የኩሱም ሽታ ሳንባዋን ይጎዳል። ስለዚህ አየር ማስወጫው ከጣሪያው ሥር፣ ዶሮዎቹ ከሚያድሩበት ቆጥ በላይ ይሁን። ቆጡ ላይ ግን ነፋስ አይንፈስባቸው። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ወይም መስኮቱ በውስጥ በኩል ካላበው፣ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ቆጡ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ቢሆን፣ ሲቀመጡ ጣቶቻቸውን በላባቸው ይሸፍናሉ። ጉዝጓዙ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሁን።

የሙቀት አምፖል ለትልልቅ ዶሮዎች አልመክርም። አቧራ፣ ደረቅ ጉዝጓዝና ላባ ባለበት ቤት አምፖል ከወደቀ እሳት ነው፤ የዶሮ ቤቱም ብዙ ጊዜ ከመኖሪያ ቤቱ ብዙ አይርቅም። በዚያ ላይ ሙቀት የለመደች ዶሮ መብራት በጠፋ ሌሊት ትጎዳለች።

ለመጀመር የቆረጠች እህት ከማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ትጀምር። በብዙ ከተሞች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውራ ዶሮ አይፈቀድም፤ ጓሮ ውስጥ ማረድም የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው። የምትከራይ ከሆነ አከራይሽን ጠይቂ። እንግሊዝ ያላችሁ እህቶች ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አንዲት ዶሮ ያለው ሰው እንኳን መመዝገብ አለበት። እዚያ ከኩሽና የወጣ ምግብም ለዶሮ መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የእንጀራ ፍርፋሪ የመስጠት ልማዳችንን መተው ግድ ነው።

ከዚያ ዝርያውን ምረጪ። ፕሊመዝ ሮክ፣ ኦርፒንግተንና ዋያንዶት ብርድ ይችላሉ። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ለዚያው ብርድ የተዳቀለው ቻንቴክለር ደግሞ ራሱ ላይ ያለው ሥጋ በጣም ትንሽ ስለሆነ ውርጭ ብዙ አያገኘውም። ብቻዋን ያለች ዶሮ አይመቻትም፤ ከሦስት እስከ አምስት ለጀማሪ ይበቃል። ለእያንዳንዷ ቤት ውስጥ ከ0.4 ካሬ ሜትር ያላነሰ፣ ውጭ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ አስቢ። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ እንጂ ራኩን እንዳይገባ አያደርግም፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ጠንካራ ሽቦ ግዢ።

ጫጩት በጸደይ ይገዛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ወደ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ላባ እስኪያወጡ፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነስሽ ትሄጃለሽ። ሲወልዱ አብሮ የመጣ ሥራ እንጂ መጫወቻ አይደለም። ከአምስት እስከ ስድስት ወር ሲሆናቸው መጣል ይጀምራሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለሌላት እህት ሊጥሉ የደረሱ ቄቦች መግዛት ይሻላል።

ቀሪው ውሃ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን እስከ ግማሽ ሊትር ትጠጣለች፤ ካልጠጣች አትበላም፣ ካልበላች ገላዋን ማሞቅ አትችልም። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማስቀመጫ ካለ ይረዳል፤ ከሌለ ቢያንስ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል። ጥር 30 ቀን 2019 በፈረንጆቹ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን በየዓመቱ ባይመጣም ሲመጣ «ዛሬስ ይለፈኝ» አይባልም። እኛ ነርሶች 12 ሰዓት ፈረቃ ገብተን እንቀራለን። ማታ በሩን ማን ይዘጋል? ለዑምራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሦስት ሳምንት ስንሄድስ ማን ይረከባል? ይህን ከባለቤትሽ፣ ከልጆችሽና ከጎረቤትሽ ጋር ከመግዛትሽ በፊት ተነጋገሪ። የእናት ሥራ ላይ የተጨመረ ሌላ ሥራ ከሆነ፣ አይቆይም።

አሁን እንደ ነርስ ልናገር። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዶሮም ጫጩትም ባይነኩ ይሻላል፤ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎችም ይጠንቀቁ። ማንም ጫጩት አይሳም፤ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ለዶሮ ቤቱ የተለየ ጫማና ካፖርት በር ላይ ይቀመጥ፤ የሶላት ልብሳችንንም ከኩስ ይጠብቅልናል። ለሳል እያለ ጥሬ እንቁላል የሚጠጣ ሰው ካለ ይህን ልማድ ይተው። የወፍ ጉንፋን ስላለም መኖውን የዱር ወፍ እንዳይደርስበት ሸፍኚ፤ ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ከሞተብሽ ሳትነኪ ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ደውዪ።

ስለ እናቶቻችንም አንድ ነገር። ከአገር ቤት መጥተው ወራቱን መስኮት ሥር ተቀምጠው ለሚያሳልፉ እናቶች ዶሮ ትልቅ ወዳጅ ናት። የትኛዋ ቄብ ልትጥል እንደሆነ፣ የትኛዋ እንዳመማት ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ለልጅ ልጆቻቸውም በአማርኛ የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ። በረዶ የያዘውን ደረጃ ግን ብቻቸውን አይውረዱ። ዳሌ መሰበር በእሳቸው ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃው የወጣቶቹ ሥራ ይሁን፤ ምክሩ የእሳቸው።

በመጨረሻም መታረዱን ከወዲሁ አስቢ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንቁላሉ ይቀንሳል፤ ዶሮዋ ግን ሌላ ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች። የከተማው ደንብ ማረድን ከከለከለ በሐላል የሚያርድ ቄራ የት እንዳለ አስቀድመሽ እወቂ። የምትታረድ ከሆነ ቢላዋው የተሳለ ይሁን፤ ሌሎቹ እያዩ አትታረድ። ልጆች ስም ያወጡላት ዶሮ ከሆነች ደግሞ ነገሩን በግልጽ ንገሯቸው፤ ሸሽጎ ማረድ አማናን አያስተምርም። ሳትጥል እየቀለብሽ ልታኖሪያትም ትችያለሽ፤ ለዚያም መኖውን ቁጠሪ።

የጥሩን ጠዋት አስበሽ አሁንም «እችለዋለሁ» ካልሽ፣ ቢስሚላህ ብለሽ በሦስት ዶሮ ጀምሪ። ካልቻልሽም ነውር የለውም፤ እንቁላል ሱቅ አለ። አላህ በእጃችን ባደረጋቸው ፍጡራን ሁሉ ላይ አዛኞች ያድርገን። አሚን።