ዳኛው በቤትዎም አለ!

«ባለቤቴ በቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ሲያይ ‹ዳኛው ተገዝቷል!› እያለ ቤቱን ያናጋዋል። ልጆቻችን ሲጣሉ ግን ጥፋተኛውን ሳይለይ ሁለቱንም ይቀጣል። ምን ልበለው?» ከቶሮንቶ

እህቴ፣ ዳኛ ሁሉ በገንዘብ አይገዛም። አንዳንዱን የሚገዛው ይሉኝታ ነው፤ አንዱን ቡድን ቀጥቶ እንደሆነ ለማካካስ ሌላውንም ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ናሽቪልና ዲትሮይት ሲጫወቱ የሆነውን ባለቤትሽ ሳያስታውሰው አይቀርም። በኤን ኤች ኤል አንድ ነባር ዳኛ፣ የናሽቪል ተጫዋች 2 ደቂቃ ከተቀጣ በኋላ፣ ጥፋቱ ያን ያህል እንዳልነበረና ናሽቪልን በጊዜ መቅጣት ፈልጎ እንደነበር ሲናገር ማይክራፎኑ ክፍት ኖሮ አገር ጉድ አለ። በማግስቱ ሊጉ ሁለተኛ እንዳያጫውት ከለከለው። ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ወር ብቻ ነበር!

እንግዲህ ባለቤትሽን ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና ላይ አጫውቺው። ሁለቱን እኩል መቅጣት ፍርድ አይደለም። ያላጠፋው ልጅ «ባጠፋም ባላጠፋም ያው ነው» ይልና ነገ ያጠፋል። መጀመሪያ ሁለቱንም ይስማ። ማን እንደጀመረ ካልታወቀም «አላየሁም፣ አልፈርድም» ማለት ነውር የለውም። ዳኛውን መሳደቡ ከዚያ በኋላ ያምርበታል።